2013 በ2013፦ የጎፋ ኮምፒውተሮችና የጌም ዘመን አቆጣጠር

መስከረም 1 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ጎፋ። ማዕዱ ተነስቶ ቡናው ሲቀራረብ፣ ትልልቆቹ ቴሌቪዥን ፊት ሲቀመጡ፣ በብዙ ኮንዶሚኒየም ቤት ልጆቹ የሚሰበሰቡት ሳሎኑ ጥግ ባለችው አሮጌ ዴስክቶፕ ዙሪያ ነበር። የሚጫወቱት ደግሞ ፔስ 2013። ያን ዕለት የጌሙ ስምና የአገሩ ዓመት አንድ ሆኑ።

አጋጣሚው ለቀልድ ይመቻል። ኮናሚ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ጌሙን ለገበያ ያወጣው በመስከረም 2005 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ 2012 መሆኑ ነው። ሽፋኑ ላይ ያለው ክርስቲያኖ ሮናልዶ ያኔ የሪያል ማድሪድ ተጫዋች ነበር። የኢትዮጵያ 2013 ሲገባ ሰውየው ማድሪድን ትቶ ጁቬንቱስ ከገባ ሁለት ዓመት አልፎታል። ጎፋ ውስጥ ግን አሁንም ነጭ ማልያ ለብሶ ቅጣት ምት ይመታል።

ይህንን ኋላ ቀርነት ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ጠጋ ብሎ ላየው ግን ጉዳዩ የራሱ ታሪክ አለው። በአዲስ አበባ ሰፈሮች አንድ ጌም "አዲስ" የሚባለው በሁለት ነገር ነው፤ ጌሙን የሚችል ኮምፒውተር በመካከለኛ ቤተሰብ አቅም መገዛት ሲጀምርና ጌሙ ራሱ በፍላሽ ወይም በሀርድ ዲስክ እጅ ለእጅ ዞሮ ሲደርስ። ሁለቱ የሚገናኙት ብዙውን ጊዜ ጌሙ በውጭ አገር ከተረሳ በኋላ ነው። ርቀቱ ከአገሩ ዘመን አቆጣጠር ጋር በሰባት ስምንት ዓመት መገጣጠሙ አጋጣሚ ነው። ርቀቱ መኖሩ ግን አጋጣሚ አይደለም።

ኮምፒውተር ቤት ሳይገባ በፊት ጌም የሚታወቀው በሁለት ቦታ ነበር። አንዱ ቢሮ ነው። ማይክሮሶፍት በ1982 ዓ.ም. ከዊንዶውስ 3.0 ጋር ሶሊቴርን አብሮ ሲልክ አንዱ ጥቅሙ ሰዎችን ማውዝ መጎተትና መልቀቅ ማለማመድ ነበር። እዚህ ስሙ "ካርታ" ሆነ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ስንት ጉዳይ ካርታው እስኪያልቅ እንደጠበቀ የሚያውቀው ባለጉዳዩ ብቻ ነው። ሌላው ቦታ ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። በየካቲት 1992 ዓ.ም. ጃፓን ውስጥ የወጣው ፕሌይስቴሽን 2 በዓለም ላይ ከ155 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ ዕቃ ነው፤ ከእነዚህ ጥቂቱ ቆርቆሮ ጣሪያ ባላት ጠባብ ክፍል፣ ወፍራም ቴሌቪዥን ሥር፣ አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት ነው ዕድሜውን የጨረሰው። ሕጉ በየትኛውም ሰፈር አንድ ነበር፤ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል። በዚህ ሕግ ጎበዝ ልጅ በአንድ ጌም ሒሳብ ከሰዓት በሙሉ ይጫወታል፤ ሰነፉ የወንድሙን የዳቦ ብር ጨርሶ ይወጣል።

ወላጅ ፕሌይስቴሽን ቤትን አይወድም ነበር። መንግሥትም አይወድም፤ ትምህርት ቤት አካባቢ ሺሻ ቤትና ጫት ቤት ሲታሸግ ፕሌይስቴሽን ቤቱም አብሮ ይታሸጋል። ኮምፒውተር ግን እንደዚያ ያለ መጥፎ ስም አልነበረውም። እንዲያውም ስሙ "ትምህርት" ነው። የፔስና የጂቲኤ ታሪክ ቤት ውስጥ የጀመረው በዚህች ቀዳዳ ነው።

በ1997 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ጎፋን ቀደም ብለው ከነካቸው አካባቢዎች አንዷ አደረጋት። ጎፋ ካምፕ፣ ጎፋ መብራት ኃይል፣ ከዚያ ወደ ለቡና ጀሞ የሚዘረጋው ሁሉ ኮንዶሚኒየም ሆነ። ዕጣ የደረሰው ቤተሰብ ሶፋና ቴሌቪዥን ካሟላ በኋላ ልጁ ስምንተኛ ወይም አሥረኛ ክፍል ሲደርስ ኮምፒውተር ይገዛለታል። ፔንቲየም 4፣ 256 ወይም 512 ሜጋ ራም፣ እንደ ሣጥን የከበደ ሞኒተር። ኢንካርታና የፊደል መለማመጃ ሲጫን አባትየው ቆሞ ያያል። አባትየው ሲወጣ የሚጫነው ሌላ ነው።

ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ለኮምፒውተር የወጣው በ1997 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። የሚጠይቀው ዝቅተኛ አቅም 1 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 3፣ 256 ሜጋ ራም፣ 64 ሜጋ የግራፊክስ ካርድና 3.6 ጊጋ ቦታ ነበር። ማለትም ለትምህርት ተብላ የተገዛችው ፔንቲየም 4፣ ግራፊክስ ካርድ ካላት፣ ልትችለው ትችላለች። ካውንተር ስትራይክ 1.6 ደግሞ 500 ሜጋኸርዝና 96 ሜጋ ራም ይበቃዋል፤ ከዚህ ያነሰ ኮምፒውተር ያኔም ቢሆን ማግኘት ያስቸግር ነበር። የአንድ ትውልድ ልጆች እንግሊዝኛ ድርሰት መጻፍ ሳይችሉ "ሄሶያም" ብለው በሰባት የእንግሊዝኛ ፊደል ሩብ ሚሊዮን ዶላርና ሙሉ ጤና ማምጣት ችለዋል። የደብተር የመጨረሻ ገጽ የእነዚህ ቃላት መዝገብ ነበር።

በዚያ ዘመን ትልቁ ጠላት መብራት ነበር። በ2001 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ በፈረቃ ሲሆን ቀን ተራ ጨለማ ነው። መብራት ኃይል በሚባል ሰፈር መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚባል የጎፋ ሰው ያውቀዋል። የጂቲኤ ተልዕኮ በመሃል ሲቋረጥ ዳግመኛ ከሥር ይጀመራል፤ ምክንያቱም ጌሙ "ሴቭ" የሚደረገው ገጸ ባሕርዩ ቤቱ ሲደርስ ብቻ ነው። ዩፒኤስ ያለው ቤት ሀብታም ነው። ባትሪው ከሞተ በኋላ እንኳ ዩፒኤሱን የማይጥሉት ሰዎች ነበሩ፤ ቢያንስ መብራት ሲመለስ የሚመጣውን ግፊት ያቆማል ብለው ያምናሉ።

ሌላው ፈተና ኪቦርድ ነው። ፔስን ሁለት ሰው በአንድ ኪቦርድ ሲጫወት አንዱ ቀስቶቹን፣ ሌላው በግራ በኩል ያሉትን ፊደላት ይይዛል። ርካሽ ኪቦርድ ግን ብዙ ቁልፍ በአንድ ጊዜ ሲጫን ሁሉንም አያነብም፤ ከሥሩ ያለው የሽቦ መረብ ስለሚጋራ አንዳንዱ ጥምረት ይጠፋል። ስለዚህ አንዱ ሲሮጥ የሌላው ሹት አይሠራም። "ኪቦርዱ ነው!" የሚለው የተሸናፊ ምክንያት እንደ ማመካኛ ቢሳቅበትም በቴክኒክ ረገድ ትክክል ነበር። ችግሩ የተፈታው ከመርካቶ የመጡት መንታ የዩኤስቢ ጆይስቲኮች ቤት ሲገቡ ነው።

ጌሙ እንዴት ይመጣል? በመጀመሪያ በሲዲ፣ ቀጥሎ በዲቪዲ፣ ከዚያ በፍላሽና በሀርድ ዲስክ። በየሰፈሩ ዘፈንና ፊልም የሚጭኑት ትንንሽ ሱቆች ጌምም ይጭናሉ። ሀርድ ዲስክ ይዘህ ትሄዳለህ፣ ከዝርዝሩ ትመርጣለህ፣ ሒሳቡ በጌም ቁጥር ወይም በጊጋ ነው። ኢንተርኔት ይህንን ሥራ ለምን እንዳልቀማቸው ለመረዳት አንድ ስሌት ይበቃል። ጂቲኤ 5 በ2007 ዓ.ም. ለኮምፒውተር ሲወጣ 65 ጊጋ ነበር። በሰከንድ 1 ሜጋቢት በሚጎትት መስመር ያንን ለማውረድ ስድስት ቀንና ሌሊት ሳይቋረጥ ይፈጃል። ሳይቋረጥ! ኢትዮ ቴሌኮም በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የሞባይል ኢንተርኔትን ዋጋ በ43 በመቶ ከቀነሰ በኋላ እንኳ እንዲህ ያለ ጌም በሞባይል ዳታ ማውረድ ለብዙው ሰው የሚታሰብ አልነበረም። አንድ ሰው ፈጣን መስመር ካለበት መሥሪያ ቤት ወይም ግቢ አውርዶ ያመጣል፤ ከዚያ በኋላ ጌሙ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ከጎፋ ገብርኤል እስከ ቄራ በእግሩ ይሄዳል።

በዚህ መንገድ የደረሰ ጌም ዕድሜው ረጅም ነው። ፔስ 2013 የሚጠይቀው ፔንቲየም 4፣ 1 ጊጋ ራምና 128 ሜጋ የግራፊክስ ካርድ ብቻ ነበር፤ ፋይሎቹም ለመነካካት ክፍት ናቸው። በየአገሩ ያሉ አድናቂዎች በየዓመቱ አዲስ ማልያ፣ አዲስ ዝውውር፣ አዲስ ፀጉር ያስገቡለታል። ብራዚል ውስጥ ቦምባ ፓች የሚባለው እንዲሁ ከድሮው የፕሌይስቴሽን 2 ፔስ ተነስቶ ለዓመታት የአገሩን ክለቦች እያደሰ የኖረ ነው። ደሃ አገር ጌም አይጥልም፤ ማልያ ይቀይርለታል።

ፊፋ ግን በሩን ቀድሞ ዘጋ። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ የወጣው ፊፋ 15 ሁለት ነገር አመጣ። ባለ አራት ኮር ፕሮሰሰርና 4 ጊጋ ራም ጠየቀ፤ በዚያ ላይ ዴኑቮ የተባለውን የቅጂ መከላከያ በመጠቀም በዓለም የመጀመሪያው ጌም ሆነ። ሱቆቹ እንደወትሮው ሊያባዙት አልቻሉም። ፊፋ 14 ከዓመታት በኋላም ዝርዝሩ ላይ የቀረበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ፔስ ይሻላል ወይስ ፊፋ በሚለው የሰፈር ክርክር ይህ ሲነሳ አይሰማም፤ ብዙው ሰው ፔስን የመረጠው አጨዋወቱን መዝኖ ብቻ ይመስለዋል።

ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ኮምፒውተሩ ራሱ ተቀየረ፤ የዚህ ታሪክ አስደሳቹ ክፍል እዚህ ላይ ነው። አውሮፓ፣ አሜሪካና የባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉ ድርጅቶች የቢሮ ኮምፒውተሮቻቸውን በየጥቂት ዓመቱ ይቀይራሉ። ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ፣ ሌኖቮ ቲንክሴንተር። የሚጣሉት በመርከብ ተጭነው "ዩዝድ" ወይም "ስላይትሊ ዩዝድ" የሚል ስም ይዘው አዲስ አበባ ይገባሉ። ሰፈር ውስጥ "ሲፒዩ" የሚባለው ሣጥኑ በሙሉ ነው፤ ሻጩም ገዥውም በዚያ ይግባባሉ። እነዚህ ሣጥኖች የተሠሩት ለሒሳብ ሠራተኛ ነው። ነገር ግን ውስጣቸው ያለው ባለ አራት ኮር አይ5 ፕሮሰሰር እስከ ዛሬ ጉልበቱ አልሞተም። በ2003 ዓ.ም. የወጣው አይ5 2500ኬ፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ለኮምፒውተር በወጣው ጎድ ኦፍ ዋር ላይ በዝቅተኛ መስፈርትነት በስሙ ተጠቅሷል። የጎደለው ግራፊክሱ ነው፤ ጌሙ ባለ 4 ጊጋ ካርድ ይፈልጋል።

የጎፋ ልጅ ሙያ እዚህ ላይ ይጀምራል። የመጀመሪያው ትምህርት ራም ነው። ካርድ የሌለው ኮምፒውተር ለሥዕሉ የሚጠቀመው የራሱን ራም ነው፤ ስለዚህ አንድ ባለ 8 ጊጋ ከሚሰካበት ሁለት ባለ 4 ጊጋ ቢሰካ ሁለት መንገድ ይከፈታል፤ ጌሙም ያለ ምንም ወጪ ይፈጥናል። ሁለተኛው ትምህርት ስክሪኑን ከ1080 ወደ 720 ማውረድ ነው፤ የሚሣለው ነጥብ ከግማሽ በታች ይሆናል። ጥላን ማጥፋት፣ ሣሩን ማጥፋት። ሦስተኛው ትምህርት ካርድ መጨመር ነው፤ ገንዘብ የሚበላውም፣ ሰው የሚታለልበትም እሱ ነው።

ቀጫጭኖቹ የቢሮ ሣጥኖች ፓወር ሰፕላያቸው ከ180 እስከ 255 ዋት አካባቢ ነው፤ ለካርድ የሚሆን ትርፍ ገመድ የላቸውም። ካርዱ መብላት የሚችለው ከማዘርቦርዱ መሰኪያ የሚያገኘውን 75 ዋት ብቻ ነው። ስለዚህ ምርጫው ጠባብ ነው፤ ጂቲ 1030 (30 ዋት)፣ ጂቲኤክስ 750 ቲአይ (60 ዋት)፣ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ (75 ዋት)። ለቀጭን ሣጥን ደግሞ አጭሩ ካርድ መሆን አለበት። ኢንቪዲያ በ2010 ዓ.ም. ጂቲ 1030 የሚለውን ስም ሳይቀይር ቀርፋፋ ራም የገጠመበት ሌላ ካርድ ለገበያ አወጣ፤ ስሙ አንድ፣ ጉልበቱ በብዙ ጌሞች ግማሽ ገደማ። ከቻይና የሚመጡ የውሸት ካርዶችም አሉ፤ አሮጌ ካርድ ውስጡ ያለው ሶፍትዌር ተቀይሮ ኮምፒውተሩ ላይ "1050 ቲአይ" ብሎ ይነበባል። ሻጩ ስክሪኑን እያሳየ ይምላል። የሚያውቅ ልጅ ግን ሽያጩ ከመፈጸሙ በፊት ጌም ከፍቶ ይፈትናል፤ ሰው ኮምፒውተር ሊገዛ ሲሄድ ይህንን ልጅ ይዞ መሄድ የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። ጌም የተጠላበት ቤት እንኳ በዚያ ቀን ልጁን ያስፈልገው ነበር። ጎፋ ውስጥ ኮምፒውተር ጥገና ከሚሠሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ሙያውን የጀመሩት የሚንቀረፈፍ ጌም ለማስተካከል ሲታገሉ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ 2012 ዓ.ም. መጣ። መጋቢት 7 ቀን በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ። ሰኔ 23 ቀን ደግሞ የድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳን ግድያ ተከትሎ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለሦስት ሳምንት ገደማ አልተመለሰም። በስልክ የሚጫወተው ፐብጂ ቆመ። ዩቲዩብ ቆመ። ቴሌግራም ቆመ። አገሩ ኀዘንና ፍርሃት ላይ ነበር፤ ከቤት መውጣት በማይመከርበት ሳምንት ልጆችን ዝም ያሰኘው የአሮጌው ዴስክቶፕ ማራገቢያ ድምፅ ነው። ፔስ 2013 ፈቃድ የሚጠይቀው ሰርቨር የለውም። ከጎረቤት በሀርድ ዲስክ የመጣ ነው፤ መብራት ካለ ይከፈታል። መስከረም 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ያ ጌም ስክሪን ላይ የነበረው በናፍቆት አይደለም፤ ክረምቱን ሙሉ ከዚያ አልተነሳም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይሸፋፈን መነገር አለበት። ከእነዚህ ጌሞች አብዛኞቹ የተገዙ አይደሉም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል፤ ጌም ጫኙ ሱቅ አዋጁን አላነበበም እንጂ ተጥሷል። ለሠሩት ሰዎች አንድ ሳንቲም አልደረሰም። "ደሃ ስለሆንን" የሚለው መልስ ግማሽ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ፣ መክፈል የሚፈልገውም መንገድ አልነበረውም። የሶኒ የኢንተርኔት አገልግሎት ኢትዮጵያን በአገሮች ዝርዝሩ ውስጥ አላስገባም። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ሶኒ ሄልዳይቨርስ 2ን የእሱን አካውንት በሌላቸው 177 አገሮችና ግዛቶች ከስቲም ሽያጭ ሲያነሳ ኢትዮጵያም አብራ ወጣች፤ ገንዘቡን በእጁ የያዘ ሰው እንኳ መግዛት አልቻለም። ስቲም በብር ዋጋ አይተምንም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ዛሬ የ70 ዶላር ጌም ወደ 10 ሺህ ብር ነው። በመስከረም 2018 ዓ.ም. በተሻሻለው የደመወዝ ስኬል ዲግሪ ይዞ መንግሥት ቤት የሚቀጠር ጀማሪ 11,500 ብር ያገኛል። ስለዚህ አንድ ጌም የወር ደመወዝ ማለት ይቻላል፤ ግብር ከተቆረጠ በኋላ የሚቀረው ትራንስፖርት እንኳ አይሆንም።

ልጆቹም ወደ ስልክ ሄደዋል። የአገር ውስጥ ጌም ሠሪዎችም የሄዱት ወደዚያው ነው፤ ቅኔ ጌምስ ከአሳዳጅ የምትሸሸውን ዶሮ "ኩኩሉ" ብሎ፣ ገበጣንም በዲጂታል ያቀረበው ለስልክ ነው። ኮናሚ ራሱ ፔስ የሚለውን ስም ጥሎ በመስከረም 2014 ዓ.ም. ኢፉትቦልን በነፃ አወጣ። ነፃ ነው፤ ግን ያለ ኢንተርኔት አይሆንም፤ ፋይሉን ለጎረቤት ብትሰጠውም ጌሙን ሰጠኸው ማለት አይደለም። ስቲምም ከታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ዊንዶውስ 7 ላይ አገልግሎት መስጠት አቁሟል። ፊፋ የሚለውን ስም የተካው ኤፍሲ 24 ለመከፈት የኩባንያውን ሰርቨር ያስፈቅዳል፤ 100 ጊጋ ቦታና ባለ 4 ጊጋ ካርድ ይፈልጋል። በጎፋ አቆጣጠር ተራው የሚደርሰው በ2024 ዓ.ም. ነው። ካርዱ ያኔ ይረክሳል። ሰርቨሩ ያኔ ይኑር አይኑር የሚወስነው ግን ሰፈሩ አይደለም።

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚያደርገውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። ዊንዶውስ 11 ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አይቀበልም፤ ስድስተኛና ሰባተኛ ትውልድ አይ5 የያዙ እጅግ ብዙ የቢሮ ኮምፒውተሮች በየአገሩ በአንድ ጊዜ "ያረጁ" ሆኑ። እነዚያ ሣጥኖች ወደ አዲስ አበባም መምጣታቸው አይቀርም። ከእነሱ አንዱ ጎፋ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለስምንተኛ ክፍል ልጅ፣ ለትምህርት ተብሎ ይገዛል። አባትየው ወርድና ኤክሴል መጫኑን ቆሞ ያያል፤ ሀርድ ዲስኩ የሚመጣው ማታ ነው፣ ከሦስተኛ ፎቅ።